በመፀው ጠዋት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወፍ ለማየት

ሐይቅ ዳር ስንሄድ ብዙዎቻችን የምናስበው አሳውን፣ ጀልባውንና ፎቶውን ነው። አባ ኮዳን ደሞ ከልጅነታችን ስለለመድነው ዞር ብለንም አናየውም። ግን ሐዋሳ ሐይቅ እኮ በዓለም አቀፍ ደረጃ ለወፎች አስፈላጊ ተብለው ከተለዩ ቦታዎች አንዱ ነው፣ ሰው ከአውሮፓ ትኬት ቆርጦ ካሜራ ተሸክሞ የሚመጣለትን ወፍ እናንተ ከፒያሳ ባጃጅ ይዛችሁ ቁርስ ሳይደርስ አይታችሁት ትመለሳላችሁ። ይሄን የምጽፈው ምንም ልምድ ለሌለው ሰው ነው፣ ባይኖኩላር ለሌለውም ጭምር።

ከምለው ሁሉ አንዱን ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙልኝ፦ ትንሽ ሂዱ፣ ብዙ ቁሙ። ጥሩ ቦታ መርጦ ሃያ ደቂቃ ዝም ብሎ የቆመ ሰው ዳርቻውን ሙሉ እያወራ ከዞረው ሰው የበለጠ ያያል። ምክንያቱም ሰው ሲደርስ ወፉ ወይ ይነሳል ወይ ቄጠማው ውስጥ ይገባል፣ ሰውየው ከቆመ ግን ትንሽ ቆይቶ ይረሳውና ወደ ሥራው ይመለሳል፣ አሳውን ማጥመድ፣ ትሉን መልቀም፣ መጣላት ምናምን ይጀምራል፣ እናንተ ማየት የምትፈልጉት ደሞ እሱን ነው።

ለምን በመፀው? ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ሁለት ነገር አንድ ላይ የሚገጣጠምበት ነው። አንደኛ ዝናቡ እያባራ ሐይቁ ሞልቶ ዳር ዳሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ሁለተኛ ደሞ እንግዶቹ የሚገቡት አሁን ነው። በአውሮፓና በሰሜን እስያ ብርዱ ሲጀምር ነፍሳት ይጠፋሉ፣ ውሃው ወደ በረዶ ይቀየራል፣ ስለዚህ እዛ የተፈለፈሉ ወፎች ስምጥ ሸለቆን ተከትለው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። አንዳንዶቹ እዚህ ጥቂት ቀን አርፈው፣ በልተው፣ ወፍረው ወደ ኬንያና ከዛም በታች ይቀጥላሉ፣ አንዳንዶቹ እስከ መጋቢት እዚሁ ይከርማሉ። ሐይቁ ዳር ሳሩ ላይ ከላም እግር ሥር ጭራዋን ወደላይ ወደታች እያወዛወዘች የምትሮጠው ሆዷ ቢጫ የሆነች ትንሽ ወፍ ከእንግዶቹ አንዷ ናት። ጭቃው ላይ በቀጭን እግር እየተራመዱ በረጅም ምንቃር የሚወጉት ግራጫ ቡናማ ወፎችም አብዛኞቹ ከሰሜን የመጡ ናቸው። ሃያ ግራም እንኳን የማትሞላ ወፍ ሰሃራን አቋርጣ መጥታ ጥቁር ውሃ ድልድይ አጠገብ ቁጭ ብላ ስታዩ እውነት ለመናገር ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም።

የመስቀል ወፍንም ላንሳ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እሷም ከሩቅ የምትመጣ ይመስለዋል። በዓመት አንዴ ብቅ የሚለውን ሰው እንደ መስቀል ወፍ ጠፋህ የምንለው ለዛ ነው። በመስከረም የምናያቸው ቀይና ጥቁር፣ ወይም ቢጫና ጥቁር የሆኑት፣ አንዳንዶቹም ረጅም ጭራ ያላቸው ትናንሽ ወፎች ግን ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናቸው። ወንዱ የመራቢያ ጊዜው ሲሆን በዝናቡ ወቅት ላባውን ቀይሮ ይደምቃል፣ ወቅቱ ሲያልፍ ያንን ላባ ጥሎ ልክ እንደ ሴቷ ድንቢጥ የምታክል ቡናማ ወፍ ይሆናል። ስለዚህ በጥቅምት ቶሎ ከሄዳችሁ ግማሽ ቀይ ግማሽ ቡናማ ሆኖ፣ ልብሱን እየቀየረ ታገኙታላችሁ፣ በጥር ደሞ ያንኑ ወፍ አይታችሁ አታውቁትም። በደንብ የምታውቁትን አንድ ወፍ በዚህ መንገድ ዓመቱን ሙሉ መከታተል በራሱ ትልቅ ትምህርት ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ሐዋሳ ከተማ ያለችው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ነው። ይሄ ማለት ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ትወጣና ሐይቁ ላይ ያለውን ወፍ ፊት ለፊት ታበራላችኋለች፣ ቀለሙ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ ወደ ሐይቁ ዞራ ዓይናችሁ ውስጥ ትገባለች፣ ውሃው ያብረቀርቃል፣ ወፉ ጥላ ብቻ ይሆናል። ከሰዓት ላይ ነፋሱም ይነሳል፣ ማዕበሉ ከመጣ ውሃ ላይ የተቀመጠ ዳክዬ መፈለግ ድካም ነው። ስለዚህ ለውሃ ወፍ ጠዋት፣ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውጡ። ማታ 11 ሰዓት አካባቢ መሄድ የምትወዱ ከሆነ ጀርባችሁን ለሐይቁ ሰጥታችሁ ዛፎቹን እዩ፣ የምሽቱ ብርሃን እነሱ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ወፎቹም ለማደር የሚሰበሰቡት ያኔ ነው።

ልብስ ላይ ብዙ አልጨነቅም፣ ነጭና ደማቅ ቀይ ብቻ ተዉ። ጥቅምት ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ 3 ሰዓት ላይ ደሞ ይሞቃል፣ ስለዚህ የሚወልቅ ነገር ደርቡ። ኮፍያ፣ ውሃ፣ ትንሽ ደብተር። ጫማችሁ ጭቃ የሚችል ይሁን፣ ሐይቁ ውስጥ ግን በባዶ እግር እንዳትገቡ፣ ቢልሃርዚያ አለ። ማታ የምትቆዩ ከሆነ ለወባ ትንኝ እጅጌ ያለው ልበሱ።

ባይኖኩላር ካላችሁ ወይም ልትገዙ ካሰባችሁ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሻጮች ሁልጊዜ ትልቁን ቁጥር ነው የሚያሞግሱት። ጎኑ ላይ 8 በ42 የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ፣ 8 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል ነው፣ 42 ደሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት በሚሊሜትር ነው። ለወፍ 8 በ42 ወይም 8 በ32 በቂ ነው። 20 እጥፍ የሚለውን ብታነሱት እጃችሁ ትንሽ ስትንቀጠቀጥ ምስሉም አብሮ ሃያ እጥፍ ይንቀጠቀጣል፣ የሚያሳየውም ቦታ ጠባብ ስለሆነ ወፉን እስክታገኙት በሯል። አጠቃቀሙ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ሁለቱን ጎን አጥፋችሁ ወይ ዘርግታችሁ አንድ ክብ ብቻ እስክታዩ ከዓይናችሁ ስፋት ጋር አስተካክሉት። ከዛ የቀኙን ዓይን ጨፍናችሁ በመሃለኛው ጎማ አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር አጥሩ፣ ለምሳሌ የጀልባ ጫፍ። ቀጥሎ የግራውን ጨፍናችሁ በቀኙ በኩል ባለችው ትንሽ ቀለበት ያንኑ ነገር አጥሩ። ይሄ አንዴ ከተስተካከለ በኋላ መሃለኛውን ብቻ ነው የምትነኩት። መነጽር የምታደርጉ ሰዎች ዓይን የሚያርፍበትን የላስቲክ ጠርዝ ወደ ውስጥ አስገቡት። ወፍ ስታዩ ደሞ ዓይናችሁን ከወፉ ላይ አትንቀሉ፣ እያያችሁት ባይኖኩላሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡት። ጀማሪ ሁሉ ወደ ታች ወደ እጁ ያይና ቀና ሲል ወፉ የት እንደነበር ይጠፋበታል።

ባይኖኩላር የለም? አሳ ገበያ ሂዱ። እዛ ወፉ ራሱ ከእናንተ ሁለት ሜትር ላይ ነው የሚቆመው።

መንገዱን ከፍቅር ሐይቅ ጀምሩና በዳርቻው ወደ ደቡብ፣ ወደ ታቦር ተራራ አቅጣጫ፣ እስከ አሞራ ገደል ሂዱ። መጀመሪያ የምታቆሙት ቄጠማና ደንገል ካለበት፣ ውሃው ላይ ሰፋፊ ቅጠል ከተኛበት ቦታ ይሁን። ቅጠሉ ላይ የምትራመድ ሰውነቷ ቡናማ ቀይ፣ ግንባሯ ሰማያዊ የሆነች ወፍ ካያችሁ ጃካና ትባላለች። እግሯን እዩት፣ ጣቶቿ ከሰውነቷ ጋር የማይመጣጠኑ ረጃጅም ናቸው፣ ክብደቷን ስለሚበትኑላት ነው ቅጠሉ የማይሰምጠው። ጃካና ላይ እንቁላሉን የሚታቀፈውና ጫጩቶቹን የሚያሳድገው ወንዱ ነው፣ ሴቷ እንቁላሏን ጥላለት ወደ ሌላ ወንድ ትሄዳለች። እዛው ቄጠማው ሥር ጥቁር ሆና ምንቃሯ ቢጫ፣ እግሯ ቀይ የሆነች ፈሪ ወፍ ብቅ ትልና ትመለሳለች፣ እሷን ለማየት ነው ያ ሃያ ደቂቃ የሚያስፈልገው። ቄጠማ ጫፍ ላይ ደሞ ድንቢጥ የምታክል፣ ጀርባዋ ሰማያዊ ሆዷ ብርቱካናማ ወፍ ቁጭ ብላ ውሃውን ስታይ ካገኛችሁ አትጠጉ፣ ትንሿ ኪንግፊሸር ናት፣ ጠልቃ ትንሽ አሳ ይዛ ወደዛው ቄጠማ ነው የምትመለሰው፣ ስለዚህ ባላችሁበት ብትቆሙ ደግማ ደጋግማ ታዩዋታላችሁ።

ጥቁርና ነጩ ኪንግፊሸር ግን ለማንም ግልጽ ነው። አየር ላይ ክንፉን እያራገበ አንድ ቦታ ይቆምና አሳ ሲያይ እንደ ድንጋይ ይወድቃል። ወንድና ሴቱን መለየት ቀላል ነው፣ ደረቱ ላይ ሁለት ጥቁር መስመር ያለው ወንድ ነው፣ አንድ መስመር ብቻ ያላት፣ እሱም መሃል ላይ የተቆረጠ፣ ሴት ናት። ለልጆች የመጀመሪያ ትምህርት ይሄን ስጧቸው፣ ወዲያው ይይዙታል፣ ከዛ በኋላ ራሳቸው ናቸው የሚያሳይዋችሁ።

አሳ ገበያ ስትደርሱ ጀልባዎቹ መረቡን እያራገፉ ነው፣ ቆሮሶውና አምባዛው ይታጠባል፣ ይገፈፋል፣ የተረፈው ይጣላል። አባ ኮዳ የሚሰለፈው ለዛ ነው። አስቀያሚ ነው ትላላችሁ፣ እኔ ግን በዚህ አልስማማም፣ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ቁመቱ ሜትር ተኩል ይደርሳል፣ ክንፉን ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ነው፣ ወደ ላይ ሲወጣ ደሞ ሞቃቱን አየር ተደግፎ ክንፉን እንኳን ሳያራግብ ይዞራል። ራሱና አንገቱ መላጣ የሆነው ጥንብ ሲበላ ደምና ቆሻሻ ላባው ላይ እንዳይያዝበት ነው። እግሩ ነጭ የሚመስለውም ኩሱን እግሩ ላይ ስለሚለቅ ነው፣ እርጥበቱ ሲተን ሰውነቱ ይቀዘቅዛል፣ ሙቀት የሚቋቋምበት ዘዴው ነው። ከሥሩ ያለው እግር ጥቁር ነው። ከተማው የማያነሳውን ሬሳና ተረፈ ምርት እሱ ነው የሚያነሳልን፣ ልጆች ድንጋይ ሲወረውሩበት ዝም ብላችሁ አትለፉ።

ከአባ ኮዳዎቹ መሃል ወይም ከበላያቸው ዛፍ ላይ ትንሽ ቡናማ ጥንብ አንሳ አሞራ ፈልጉ፣ ፊቱ ሮዝ፣ ምንቃሩ ቀጭን፣ ከአንገቱ ጀርባ ቆብ የሚመስል ለስላሳ ላባ ያለው። ይሄ አሞራ በፈረንጆቹ ከ2015 ጀምሮ በዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ላይ በከፍተኛ ደረጃ የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ውስጥ ነው። ከምክንያቶቹ ዋናው መርዝ ነው፣ ለጅብና ለውሻ ተብሎ መርዝ የተደረገበትን ሥጋ ይበላል፣ ብዙ ሆነው አንድ ሬሳ ላይ ስለሚሰፍሩ ብዙዎቹ በአንዴ ያልቃሉ። እኛ ግን አሁንም ገበያ መሃል እናየዋለን። አይታችሁት ስትመለሱ ስንት እንደነበሩ ጻፉ፣ ይሄ ቁጥር ጠቃሚ ነው።

ወደ ላይ ወደ ትልልቆቹ ዛፎች ቀና በሉ። ራሱና ደረቱ ነጭ፣ ሆዱ ቡናማ ቀይ የሆነ ንስር ከውሃው ዳር ካለው ረጅም ዛፍ ጫፍ ላይ ካለ አሳ አዳኙ ንስር ነው፣ ብዙ ጊዜ ጥንድ ናቸው፣ ሲጮህ ራሱን ወደ ኋላ ይጥላል። ወጣቱ ንስር ቡናማና ዥጉርጉር ስለሆነ ሌላ ወፍ እንዳይመስላችሁ። ሾላው ፍሬ ካለው ደሞ ከሥሩ አትሂዱ፣ እዛው ተቀመጡ። ሆርንቢል የሚባለው ትልቁ ጥቁርና ነጭ ወፍ፣ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተደረበበት የሚመስለው፣ ከማየታችሁ በፊት የክንፉን ድምፅ ትሰሙታላችሁ። የዚህ ወፍ ሴቷ ለመፈልፈል የዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ትገባና በሩ በጭቃ ይደፈናል፣ ወንዱ በቀረችው ቀዳዳ ለወራት ፍሬ ያጎርሳታል። እዛው ሾላ ላይ አረንጓዴ ትንሽ በቀቀኖች አሉ፣ የወንዱ ግንባር ቀይ ነው፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ በተፈጥሮ የትም አይኖሩም። ለብዙ የውጭ ጎብኚ የጉዞው ዋና ምክንያት እነሱ ናቸው።

ጉሬዛዎቹም እዛው ናቸው። ጉሬዛና ጦጣን አትቀላቅሉ፣ ጉሬዛ ጥቁር ሆኖ ረጅም ነጭ ፀጉር ከትከሻው የሚወርድ፣ ቅጠል የሚበላ፣ አውራ ጣቱ የሌለ ያህል ያጠረ፣ የረጋ እንስሳ ነው። ሙሉ በሙሉ ነጭ የሆነ ግልገል ካያችሁ በቅርብ የተወለደ ነው። እባካችሁ ዳቦ፣ ብስኩት፣ ሙዝ አትስጡ። ጉሬዛ ሆዱ ቅጠል ለማብላላት የተሠራ ስለሆነ ይታመማል፣ ጦጣው ደሞ ከለመደ በኋላ ከሕፃን እጅ ይነጥቃል፣ ይነክሳል፣ ከዛ ሰው በድንጋይ ያባርረዋል። ጥፋቱ የሰጪው ነው። ድንጋዩ መሃል ወይ ዳር ላይ ትልቅ እንሽላሊት የሚመስል ካያችሁ አርጃኖ ነው፣ መንገድ ልቀቁለት፣ ራሱ ወደ ውሃው ይሄዳል።

የወፍ ስም ባታውቁ አትጨነቁ። ስም ከመፈለጋችሁ በፊት አራት ነገር ያዙ፦ መጠኑን ከምታውቁት ወፍ ጋር፣ ከድንቢጥ፣ ከርግብ፣ ከዶሮ ጋር አመዛዝኑ። ምንቃሩ ቀጥ ያለ ነው፣ የታጠፈ ነው፣ ሰፊ ነው? እግሩስ ቀለሙ ምንድነው? ምን እየሠራ ነው፣ ይጠልቃል፣ ይራመዳል፣ ይሰቀላል? ቀለም መጨረሻ ነው፣ ምክንያቱም ብርሃን ያታልላል። ከዛ ቤት ገብታችሁ ሜርሊን በሚባለው ነፃ አፕ ላይ ፎቶውን አስገቡ ወይም ጥያቄውን መልሱ። ኢትዮጵያን የሚያካትተውን ፋይል ዋይፋይ ባለበት ቀድማችሁ አውርዱ፣ ሐይቅ ዳር ዳታ አትጨርሱ። በስልክ ፎቶ ለማንሳት የካሜራውን ሌንስ ባይኖኩላሩ ዓይን ላይ ግጠሙት፣ ትንሽ ልምምድ ይፈልጋል ግን ለመለየት የሚበቃ ፎቶ ይወጣል። አንድ ነገር ግን፣ ወፉ እንዲመጣ ብላችሁ ድምፁን በስልክ አታጫውቱ። ተቀናቃኝ የገባበት መስሎት ጫጩቶቹን ትቶ ይመጣል፣ ጉልበቱን በከንቱ ያባክናል።

ጥቁር ውሃን ለብቻው ቀን ስጡት። ሐይቁን ዓመቱን ሙሉ የሚመግበው ብቸኛ ወንዝ እሱ ነው፣ ከሐይቁ ደሞ በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ የለም፣ ስለዚህ ጨለለቃ ረግረግ ላይም ሆነ ወንዙ ላይ የሚጣለው ፌስታልና ኬሚካል መሄጃው ሐይቁ ነው። ከሰሜን የሚመጡትን ዳክዬዎችና ጭቃ ላይ የሚውሉትን ወፎች እንደዚህ ዓይነት ረግረግ ላይ ነው መፈለግ። ጉማሬውም በዛ በኩል ነው፣ ለእሱ ጀልባ ያስፈልጋል። ከመሄዳችሁ በፊት ጀልባ የሚቀዝፉትን ጋሼ ዛሬ ጉማሬዎቹ በየት በኩል ዋሉ ብላችሁ ጠይቁ፣ በየቀኑ ውሃው ላይ ስለሆኑ ከማንም በላይ ያውቃሉ፣ ዋጋውንም ሳትሳፈሩ ተስማሙ። ላይፍ ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ። ለፎቶ ብላችሁ ጠጋ በልልን አትበሉ፣ ጉማሬ ግልገል ካለው ጀልባ ይገለብጣል። በእግር ከሆናችሁ ደሞ ሲመሽ ከዳርቻው ራቁ፣ ሳር ለመጋጥ የሚወጣው ያኔ ነው፣ በእሱና በውሃው መሃል የቆመ ሰው ነው አደጋ ላይ ያለው።

ስትሄዱ አንድ ፌስታል ያዙና የተቆረጠ የአሳ መረብና ሲባጎ ካያችሁ ሰብስቡ። ናይለኑ አይበሰብስም፣ ወፍ እግሩ ላይ ተጠምጥሞበት ሲቆይ እግሩ ይቆረጣል። አሳ አጥማጆቹንም በትሕትና ብትነግሯቸው ይሰማሉ፣ መረብ ለእነሱም ገንዘብ ነው።

ያያችሁትን ቀኑን፣ ቦታውንና ቁጥሩን ጽፋችሁ ኢበርድ በሚባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረገጽ ላይ ብታስገቡ ከዓለም ዙሪያ ያሉ ተመራማሪዎች ይጠቀሙበታል። የስደተኛ ወፎች ቀን በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር ሁለተኛ ቅዳሜ ላይ ስለሚውል ለመጀመር ጥሩ ቀን ነው፣ ጓደኛ ሰብስቡና ውጡ። እግሩ ላይ የብረት ወይም ባለቀለም የፕላስቲክ ቀለበት ያለው ወፍ ካያችሁ ደሞ አታባሩት፣ ለመያዝም አትሞክሩ። ፎቶ አንሱት፣ ቀለበቱ የትኛው እግር ላይ እንደሆነ፣ ቀለሙንና የሚነበበውን ፊደልና ቁጥር መዝግቡ፣ ዩሪንግ በሚባለው የአውሮፓ ወፍ ቀለበት ማዕከላት ኅብረት ድረገጽ ላይ ሪፖርት ስታደርጉ ቀለበቱን ያሰረው ማዕከል ወፉ መቼና የት እንደታሰረ መልስ ይልክላችኋል።